ድዳችሁ ሲደማ እስኪያማችሁ አትጠብቁ

 

ይህን ገጽ የምትከታተሉ ሰዎች ከእኔ የምትጠብቁት ይታወቃል። ስለ ራሽን፣ ስለ ኬዝ፣ ስለ መታወቂያ፣ ስለ ኢንሴንቲቭ መምህራን ክፍያ ነው። ዛሬ ግን ስለ ድድ ልጽፍ ነው። አዎ፣ ጥርስ ስለሚይዘው ድድ። «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ምን ነካው?» የምትሉ ካላችሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡኝና ከዚያ ስደቡኝ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

እዚህ ካኩማ ካምፕ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ፎርም ዋን ላይ ስለ ጥርስ ዓይነቶችና ስለ ጥርስ በሽታዎች የሚያወራ ክፍል ነበር። ያን ክፍል ሳስተምር አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። መልሱን እያወቀች እጇን አታወጣም። ስጠይቃት ደግሞ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ነው የምትመልሰው። እኔም በዚያ ቀን ቀልድ አማረኝና፣ «አንዳንዶቻችሁ አፋችሁን ለምን እንደምትሸፍኑ ይገባኛል። ብሩሽ እኮ ያን ያህል ውድ አይደለም» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እሷ ግን አልሳቀችም። በማግስቱ አልመጣችም። በሳምንቱ እናቷ መጡ።

«መምህር፣ ልጄን ቆሻሻ ብለዋታል አሉ» አሉኝ። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። «እሷ ጠዋትና ማታ ሳትቦርሽ አትቀርም። የፊት ጥርሷ ግን ይነቃነቃል። ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ምን ላድርግ?»

ወገኖች፣ መልስ አልነበረኝም። የመማሪያ መጽሐፉ ላይ ያለውን አንድ ገጽ አውቃለሁ። የማላውቀው ግን ከዚያ በላይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘሁትን የጥርስ ባለሙያ ሁሉ ስጠይቅ፣ ሳነብና ስከታተል ቆይቻለሁ። ዛሬ የምጽፈው በዚያ መንገድ የተማርኩትን ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ከእኔ የምትወስዱት ሐኪም ጋ መቼ መሄድ እንዳለባችሁና እዚያ ስትደርሱ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ። ጥርሳችን ላይ፣ በተለይ ከድዱ ጋር በሚገናኝበት መስመር፣ በየቀኑ የሚጋገር ስስ ሽፋን አለ። ፕላክ ይባላል። በምላሳችሁ ስትዳስሱት ልዝብ ነው፤ ውስጡ ግን በባክቴሪያ የተሞላ ነው። በደንብ ካልተጠረገ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከምራቃችን ማዕድን እየወሰደ መጠንከር ይጀምራል። ሲጠነክር ታርታር ይሆናል። ታርታርን ብሩሽ አያነሳውም፤ መፋቂያም፣ ጨውም፣ ከሰልም አያነሳውም። የሚያነሳው የጥርስ ባለሙያ በመሣሪያ ነው። ይህን ነው የጥርስ እጥበት የምንለው።

ድዱ ያን ባክቴሪያ ለመዋጋት ደም ይጠራል። ያብጣል፣ ይቀላል፣ ሲነኩት ይደማል። ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ጂንጂቫይተስ ይባላል። ደስ የሚለው ዜና እዚህ ላይ ነው፤ በዚህ ደረጃ ያለ ድድ ከታጠበና በደንብ ከተጠረገ ሙሉ በሙሉ ይድናል። ምንም አልጎደለም።

ሁለተኛው ደረጃ ፔሪዮዶንታይተስ ነው። እዚህ ላይ ብግነቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ድዱ ከጥርሱ ይላቀቅና በመሃል ኪስ ይፈጠራል። ኪሱ ውስጥ ብሩሽ የማይደርስበት ቆሻሻ ይከማቻል። ከዚያ ጥርሱን አቅፎ የያዘው አጥንት ቀስ በቀስ ይሟሟል። የሟሟ አጥንት በአብዛኛው አይመለስም። ሐኪም ሊያደርግ የሚችለው በሽታውን ባለበት ማቆም ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ደረጃና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት፣ መዳን በሚቻልበትና የቀረውን ማትረፍ ብቻ በሚቻልበት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ክፋቱ ደግሞ ይህ ሁሉ ሲሆን ብዙ ጊዜ አያምም። የተቦረቦረ ጥርስ ሌሊት ያስጮሃል፤ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። የድድ በሽታ ግን ዝምተኛ ነው። ደም ያሳያችኋል፣ የአፍ ሽታ ያመጣባችኋል፣ ጥርሳችሁ ረዘም ያለ ይመስላችኋል። ሕመሙ ሲመጣ አጥንቱ ከሄደ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከባድ የድድ በሽታ በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎችን ይዟል። ስለዚህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ግን እኛን የሚጎዳበት የራሱ መንገድ አለው።

መንገዱ መጠበቅ ነው።

ስደተኛ ምን ይሠራል ቢባል ይጠብቃል። ውኃ ይጠብቃል፣ የራሽን ቀን ይጠብቃል፣ ኢንተርቪው ይጠብቃል፣ ስልክ ይጠብቃል። ጥርሳችንን ነክሰን ነው የምንኖረው። መጠበቅ የለመደ ሰው ደግሞ የማያመውን ነገር ሁሉ ለነገ ያሳድራል። እኔ ራሴ ሦስት ዓመት ያህል በቦረሽኩ ቁጥር ደም ስተፋ ኖሬያለሁ። «ብሩሹ ሻካራ ስለሆነ ነው» እል ነበር። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ እኮ! መንጋጋዬ ሲያብጥ ሄድኩ፤ አንድ ጥርስ ተነቀለልኝ፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ነቃዩ ጥርሱን ሲያሳየኝ ምንም ቀዳዳ አልነበረውም። ጤነኛ ጥርስ ነበር፤ የሚይዘው አጥንት ነው ያለቀበት።

ስንቶቻችን ነን «ኬዜ አልቆ አሜሪካ ስገባ እታከማለሁ» ያልን? ከእኔ ብሎክ ብቻ ብዙ ሰው ልቆጥርላችሁ እችላለሁ። በጃንዋሪ 2025 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ የስደተኞች ቅበላዋን ስታቆም ትኬት የተቆረጠላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ቀሩ። ኬዛችን ቆመ። ድዳችን ግን አልቆመም። እዚያ የገቡትም ቢሆኑ ሲደውሉ የሚነግሩን ሌላ ነው። ሚኒሶታ ያለ ጓደኛዬ፣ «እዚህ የጥርስ ዋጋ ስትሰማ የቀረው ጥርስህም ይረግፋል» ብሎኛል። እና ወገኖቼ፣ ጥርሳችሁን ለኬዝ አታስይዙ።

አንዳንዱ፣ «የሚበላው ሳይኖር ስለ ድድ ታወራለህ?» ሊለኝ ይችላል። እኔ ደግሞ እንዲህ እላለሁ፤ የምንበላው በቆሎና ጥራጥሬ ነው። ንፍሮ ያለ ጥርስ እንዴት ይበላል? ሥጋና ለስላሳ ምግብ መርጦ መብላት የሚችል ሰው ያለ መንጋጋ ሊኖር ይችል ይሆናል። ያገኘውን የሚበላ ሰው ግን ጥርሱ ያስፈልገዋል። ጥርስ ለድሃ ቅንጦት አይደለም፤ ዕቃው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መቼ ነው መሄድ ያለብን? ለማንስ?

አንደኛ፣ በዚያው ቀን የሚኬድበት አለ። ፊት ወይም አንገት ካበጠ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ከእብጠት ጋር ትኩሳት ካለ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ። የድድ ደም አልቆም ካለም እንደዚሁ። ለዚህ ነገ የለም።

በተለይ ሕፃን ልጅ ያላችሁ ይህን ስሙኝ። በምግብ እጥረት የተጎዳ፣ ወይም በቅርቡ ኩፍኝ የያዘው ሕፃን ድዱ ቆስሎ፣ ደምቶ፣ ከባድ ሽታ ካመጣ፣ ወይም ጉንጩ ካበጠ፣ ኖማ የሚባል በሽታ ሊሆን ይችላል። ከድድ ጀምሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉንጭን የሚበላ በሽታ ነው። ካልታከመ ብዙዎቹን ይገድላል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን በተራ አንቲባዮቲክ፣ በአፍ ንጽሕናና በምግብ ይቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት በዲሴምበር 2023 (እ.ኤ.አ.) ኖማን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። «ጥርስ ሊያበቅል ነው» እያላችሁ አትጠብቁ።

ሁለተኛ፣ በዚያው ሳምንት የሚኬድበት አለ። ከድዳችሁ መግል ከወጣ፣ ጥርስ መነቃነቅ ከጀመረ፣ ስትነክሱ ጥርሶቻችሁ እንደ ድሮው ካልገጠሙ፣ ወይም ድሮ ያልነበረ ክፍተት በጥርሶቻችሁ መካከል ከተከፈተ ቀጠሮ ያዙ።

ሦስተኛ፣ ሁለት ሳምንት የሚሰጠው አለ። ድዳችሁ ሲቦርሽ ብቻ የሚደማ ከሆነና ሌላ ምልክት ከሌለ፣ ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ለስላሳ ብሩሽ ይዛችሁ በደንብ አጽዱ። ካልቀነሰ ሂዱና የጥርስ እጥበት ጠይቁ። ነፍሰ ጡር፣ የስኳር ሕመምተኛ፣ ኤችአይቪ በደሙ ያለበት ወይም ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ሁለት ሳምንቱንም አይጠብቅ። ስኳር ድድን ያባብሳል፤ የታመመ ድድ ደግሞ ስኳሩን ከቁጥጥር ያወጣል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ይታለላል። ሲጋራው ድዱ እንዳይደማ ስለሚያደርግ «እኔ ደህና ነኝ» እያለ አጥንቱ ያልቃል።

እናቶች ደግሞ «ልጅ በወለድኩ ቁጥር አንድ ጥርስ ይሄዳል» ትላላችሁ። ልጁ ጥርስ አልወሰደም። በእርግዝና ጊዜ ሆርሞን ድድን ስለሚያስቆጣው ቀድሞ የነበረው ታርታር የበለጠ ይጎዳል። የጥርስ እጥበት በእርግዝና ጊዜ ይቻላል፤ እርጉዝ መሆናችሁን መናገር ብቻ ነው። ድድ ውቅራት ያላችሁ እናቶችም፣ የእኔ እናት ነበራት፤ አውቀዋለሁ፤ የድዱ ጥቁረት ቅላቱን ይደብቀዋል። በተፈጥሮ ጥቁር ድድ ላለውም እንደዚሁ ነው። ጥቁር ድድ በሽታ አይደለም። እናንተ ቀለሙን ሳይሆን መድማቱን፣ ማበጡንና ሽታውን እዩ።

መድኃኒት የምትወስዱም አስተውሉ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን፣ ለደም ግፊት የሚሰጡት ኒፌዲፒንና አምሎዲፒን በአንዳንድ ሰው ላይ ድድን ያሳድጋሉ። ድዳችሁ ጥርሱን እየሸፈነ ካደገ መድኃኒቱን በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ለሐኪሙ ንገሩት፤ እሱ ይቀይረዋል ወይም ያስተካክለዋል።

አራተኛ፣ ስፔሻሊስት የሚያስፈልግበት አለ። የድድና ጥርስን የሚይዘው አጥንት ስፔሻሊስት ፔሪዮዶንቲስት ይባላል። ለሁሉም ሰው አያስፈልግም። ብዙውን ሥራ መደበኛ የጥርስ ሐኪም፣ ወይም በኬንያ ኮሚዩኒቲ ኦራል ሄልዝ ኦፊሰር የሚባለው ባለሙያ ይሠራዋል። ባለሙያው ሚሊ ሜትር የተቀረጸበት ቀጭን መለኪያ አለው። በድዱና በጥርሱ መካከል ቀስ አድርጎ ያስገባና የኪሱን ጥልቀት ያነብባል። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጤነኛ ነው። 4 እና 5 ሲሆን በሽታ መግባቱን ያሳያል። 6 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ወይም ከጥልቅ እጥበት በኋላ ኪሱ አልቀንስ ሲል፣ ወይም ራጅ ላይ ብዙ አጥንት ማለቁ ሲታይ፣ ወደ ስፔሻሊስት መላክ ተገቢ ነው። ስለዚህ ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ኪሱ ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» በሉ። ይህ ጥያቄ ብቻውን ብዙ ጥርስ ያድናል። ሳይለካ «ይነቀል» ከተባላችሁ፣ በትሕትና «መጀመሪያ ይለካልኝ» ማለት መብታችሁ ነው።

ስፔሻሊስት የሚያስፈልገው ሌላ ሰው ደግሞ አለ። ወጣቱ ነው። እዚህ ላይ ነው ወደ ተማሪዬ የምመለሰው።

ከጉርምስና ጀምሮ የሚመጣ፣ የፊት ጥርሶችንና የመጀመሪያዎቹን መንጋጋ ጥርሶች መርጦ የሚያጠቃ፣ በፍጥነት አጥንት የሚበላ የድድ በሽታ ዓይነት አለ። አፍሪካዊ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ከሌላው የበለጠ ይታያል፤ በቤተሰብም ይሄዳል። ልብ በሉ፤ ይህ በሽታ የያዘው ልጅ ጥርሱ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ብዙ ፕላክ ላይኖረው ይችላል። ይህ የስንፍና በሽታ አይደለም። አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ጥርሱ ያለ ምክንያት ከተነቃነቀ፣ «ቦርሽ» ብሎ መገሠጽ ሳይሆን በፍጥነት ወደ ባለሙያ መውሰድ ነው የሚገባው።

እኔ ግን ብሩሽ ውድ አይደለም ብዬ አሳቅኩባት።

እናቷና እኔ ክሊኒክ ሄድን። ረጅም ወረፋ ጠበቅን። የቀረበልን አማራጭ መንቀል ነበር። አራት የፊት ጥርስ፤ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ! እናቷ እምቢ አሉ። እኔ መምህሩ ዝም ስል፣ ያልተማሩት እናት እምቢ አሉ። ከዚያ በዘመቻ የመጣ አንድ የጥርስ ሐኪም ኪሱን ለካ፤ ቁጥሩን ጽፎ ሪፈራል ጻፈ። ሪፈራሉን ይዞ ከካምፑ ለመውጣት የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሎድዋር እንኳ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስፔሻሊስት ደግሞ ያለው ከዚያም አልፎ በትልልቅ ከተሞች ነው። ፈቃዱ ወራት ወሰደ። የመጓጓዣውን ገንዘብ እንደ እድር አዋጥተን ከፈልን። በመጨረሻ ጥልቅ እጥበት ተደረገላት፤ ሐኪሙ መርጦ ባዘዘው አንቲባዮቲክ ተደገፈ። አንድ ጥርስ አጣች። ሦስቱ እስካሁን አሉ። ታናሽ ወንድሟም ተመርምሮ ገና ጅማሬው ላይ ተገኘበት። ያ ሪፈራል በጊዜው ቢጻፍ አራተኛውም ይተርፍ እንደነበር ሐኪሙ ነግሮናል።

«ሐኪሙ ባዘዘው» ያልኩትን ያዙልኝ። ከሱቅ አሞክሳሲሊን ገዝታችሁ ለድድ የምትውጡ ሰዎች አላችሁ። ታርታሩ እዚያው ተቀምጦ ኪኒን ብቻውን አይፈውስም። እብጠቱን ለጥቂት ቀን ያስታግሥና ያዘናጋችኋል። አስፕሪን ወይም ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ የምታስቀምጡም ተዉት፤ ያቃጥለዋል፤ በቁስል ላይ ቁስል ነው። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መጉመጥመጥ ያስታግሣል፤ ሕክምናውን ግን አይተካም። በአመድና በከሰል መፈግፈግም ጥርስን ይልጣል። ከወንጂ፣ ከመተሐራ አካባቢ የመጣችሁ፣ ወይም እዚሁ ቱርካና ያደጋችሁ ልጆች የጥርሳችሁ ቡናማ ቀለም ከጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የመጣ ነው። ቆሻሻ አይደለም፤ በፈግፈግ አይለቅም። በዚህ ምክንያት የሚያፍር ልጅ ካለ ይህን አንብቡለት።

ታዲያ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ? ለስላሳ ብሩሽ፣ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና፣ ጠዋትና ማታ፣ ሁለት ደቂቃ። ብሩሹን ወደ ድዱ መስመር ዘንበል አድርጋችሁ በቀስታ። ብሩሽ ከሌለ መፋቂያ ይሠራል፤ ጫፉን አኝካችሁ አለስልሱት፣ የውስጡን ጎን አትርሱ፣ ሲያረጅ ቁረጡት። በጥርስ መካከል ያለውን ንጹሕ ክር ያወጣዋል። አንድ ትልቅ ስሕተት ደግሞ አለ፤ ደም ሲያዩ መቦረሽ ማቆም። የሚደማው ቆሻሻው ስላለ ነው፤ ስታቆሙ ይብሳል። በቀስታ ቀጥሉ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የሚደማ ድድ ሁሉ የንጽሕና ጉዳይ አይደለም። አንዳንዴ የራሽን ጉዳይ ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሶማሊያና ሱዳን ውስጥ በነበሩ ካምፖች የኢትዮጵያ ስደተኞች በስከርቪ ተጠቅተዋል። ይህ በቫይታሚን ሲ እጥረት የሚመጣ፣ ድድ የሚያደማና እግር የሚያሽመደምድ በሽታ ነው። አልፎ የቀረ ታሪክ እንዳይመስላችሁ፤ በ2017 እና 2018 (እ.ኤ.አ.) እዚሁ ካኩማ ውስጥ በደቡብ ሱዳን ታዳጊዎችና ወጣት ወንዶች ላይ ታይቷል። ደረቅ እህል ብቻ የሚበላ ሰው ይህ ይደርስበታል። ስለዚህ ድዳችሁ ከመድማቱ ጋር እግራችሁን ካመማችሁ፣ ጉልበታችሁ ካልታጠፈ፣ ሰውነታችሁ ያለ ምክንያት ከበለዘ፣ የምትበሉትን ጭምር ለክሊኒኩ ንገሩ። አንዲት ጥሬ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ብዙ ያልበሰለ ሱኩማ ትልቅ ነገር ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ ወንድሞቻችንን በተለይ አስታውሷቸው።

አሁን ደግሞ ካምፖቻችን ውስጥ ሕክምና ለሚሰጡ ድርጅቶች መናገር የምፈልገው አለ። ገንዘብ እንደተቀነሰ አውቃለሁ። ሠራተኞቹ በጥቂት እጅ ብዙ እንደሚሠሩም አያለሁ፤ አልክድም። መንቀል ፈጣን ነው፤ ርካሽም ይመስላል። ግን የተነቀለ ጥርስ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካልተተካለት ለዘለዓለም ጎዶሎ ነው፤ ያን ደግሞ ማንም አይከፍልልንም። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

አንድ፣ በሳምንት አንድ ቀን የእጥበት ቀን ይሁን። ታርታር የሚነሳባቸው የእጅ መሣሪያዎች መብራት እንኳ አይፈልጉም።

ሁለት፣ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ኪሱ ተለክቶ ይጻፍ፤ ከሃያ ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጥርሱ ከተነቃነቀ ያለ ስፔሻሊስት አስተያየት አይነቀል፤ ሪፈራሉም ከመንቀሳቀሻ ፈቃዱ ጋር አብሮ ይፈጠን።

ሦስት፣ ለምግብ እጥረት የሕፃናት ክንድ ሲለካ አፋቸውም ይታይ። ከንፈር ገለጥ አድርጎ ማየት ግማሽ ደቂቃ አይወስድም።

ለእኛ ለመምህራን ደግሞ አንድ አራተኛ አለኝ። አፉን የሚሸፍን ተማሪ ካለ ለብቻው ጠርታችሁ ጠይቁት። ክፍል ፊት አትቀልዱ።

እኔ ያቺን ልጅ ክፍል ፊት ነበር ያሳፈርኳት፤ ይቅርታም የጠየቅኳት ክፍል ፊት ነው። አሁንም አንዳንዴ ሻሿ ወደ አፏ ይሄዳል። ልማድ ሆኖባታል። እጇን ግን ታወጣለች።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ዛሬ ማታ ስትቦርሹ የምትተፉትን እዩት። ቀይ ካለበት ከዛሬ ጀምራችሁ ሁለት ሳምንት ቁጠሩ። ካልቀነሰ ወረፋ ያዙ፤ «ይታጠብልኝ፣ ይለካልኝ» በሉ። የምትጠብቁት ሌላ ብዙ ነገር አለ፤ ድዳችሁን ከዚያ ዝርዝር ውስጥ አውጡት።

ከዳዳብ፣ ከካሎበየይ፣ ከካምፓላ፣ ከናይሮቢ የምታነቡኝ፣ እናንተ ጋ የጥርስ እጥበት የሚሰጥበት ቦታ ካለ ቦታውንና ቀኑን ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ፌስቡክ ለማይጠቀሙ እናቶችና አባቶች አንብባችሁ ንገሯቸው።

ቸር ያሰማን።